«ሥራ አጥ» ተብሎ የሚቆጠረው ማን ነው?

በኢትዮጵያ የሥራ አጥነት ምጣኔ 8 በመቶ ነው ሲባል አንዱ «ውሸት ነው፤ በእኛ ሰፈር ግማሹ ወጣት መንገድ ዳር ቆሞ ነው የሚውለው» ይላል። ሌላው ደቡብ አፍሪካ ከ30 በመቶ በላይ መሆኑን ይጠቅስና «እንዲያውም እኛ እንሻላለን» ብሎ ይጽናናል። ክርክራቸው ቢለያይም ሁለቱ የተነሡት ከአንድ ግምት ነው፤ ምጣኔው ሥራ የሌለውን ሰው ሁሉ የሚቆጥር ይመስላቸዋል። አይቆጥርም። የሚቆጥረው በጣም የተወሰነ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው ነው። ያንን ሁኔታ ያወቀ አንባቢ የመጀመሪያው ተከራካሪ ለምን እንደሚናደድ፣ የሁለተኛው መጽናናትም ለምን መሠረት እንደሌለው ያያል።

ታዲያ ማን ነው ሥራ አጥ?

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገሮች እንዲከተሉት ያስቀመጠው መለኪያ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል። ሰውየው በተወሰነው ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ባለፉት ሰባት ቀናት ማለት ነው፣ ምንም ሥራ ያልሠራ መሆን አለበት። ሥራ ቢያገኝ ወዲያው ለመጀመር ዝግጁ መሆን አለበት። ሥራ ለማግኘትም አንድ ነገር ያደረገ መሆን አለበት፤ ማመልከቻ ያስገባ፣ ደላላ ያነጋገረ፣ ማስታወቂያ አይቶ የተመዘገበ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሰውየው ኪሱ ባዶ ቢሆንም በመዝገቡ ላይ ሥራ አጥ አይባልም።

ብዙ ሰው የሚገርመው በመጀመሪያው መስፈርት ነው፤ «ምንም ሥራ» የሚለው ቃል በቃል ይተረጎማልና። መረጃ ሰብሳቢው አንድ ቤት ገብቶ እንዲህ ይጠይቃል እንበል፦

«እማማ፣ ልጅዎ ባለፉት ሰባት ቀናት ክፍያ ያገኘበት ሥራ ሠርቷል?»

«ኧረ ልጄ፣ ሥራ የለውም። ይኸው ተመርቆ ቁጭ ብሏል።»

«ለአንድ ሰዓትም ቢሆን?»

«ማክሰኞ ዕለት እዚያ ሕንፃ ላይ ብሎኬት ሲያወርድ ውሏል መሰለኝ። እሱ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?»

በዓለም አቀፉ መለኪያ ሥራ ነው። በሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው «በሥራ ላይ ያለ» ከሚባለው ወገን ይመደባል። እናቲቱ ስለ ልጃቸው የሚያውቁት እውነት ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ የተጻፈውም እውነት ነው፤ የተጠየቁት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ሕጉ እንዲህ የጠበበው በክፋት አይደለም። የአገር ምርት ሲሰላ እያንዳንዱ የሥራ ሰዓት ስለሚገባበት፣ ያንን ምርት ያስገኘውም እጅ እንዲቆጠር ተፈልጎ ነው። የሀብት ሒሳብ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ኑሮን ለመለካት ሲሞከርበት ግን እንደማይበቃ ራሳቸው ባለሙያዎቹ ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው ሥራ እያለው ሰዓቱ የማይሞላለትን ሰው ለብቻው የሚቆጥር ሌላ መለኪያ ያለው። ያ ሁለተኛ ቁጥር ግን ዜና ውስጥ እምብዛም አይገባም።

የቤት እመቤቷስ? ተማሪውስ? የታከተውስ?

ጥናቱ ዕድሜው ለሥራ የደረሰውን ሕዝብ በሦስት ይከፍለዋል፤ የሚሠራ፣ ሥራ አጥ የሆነ፣ ከሥራ ኃይሉ ውጭ ያለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተደምረው «የሥራ ኃይል» ይባላሉ። ከነዚህ ውጭ ያሉት ሥራ የማይሠሩ፣ ግን ሥራ የማይፈልጉ ወይም አሁን መሥራት የማይችሉ ናቸው፤ የሙሉ ጊዜ ተማሪ፣ ጡረተኛ፣ ሕመምተኛ፣ ልጅ አሳዳጊ፣ የቤት እመቤት። የቤት እመቤቷ ከንጋት እስከ ምሽት ብትለፋም የምትሠራው ለገበያ አይደለምና በዚህ ቆጠራ ውስጥ «የምትሠራ» አይደለችም፤ ሥራ ስለማትፈልግም «ሥራ አጥ» አይደለችም።

ምጣኔው የሚሰላው ሥራ አጦቹን ለሥራ ኃይሉ በማካፈል እንጂ ለሕዝቡ በማካፈል አይደለም። ይህችን ነጥብ ማለፍ ስሕተት ላይ ይጥላል። አንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ላይ ለሥራ የደረሱ 100 ሰዎች አሉ እንበል። 55ቱ ይሠራሉ፣ 10ሩ ሥራ እየፈለጉ ነው፣ 35ቱ ከሥራ ኃይሉ ውጭ ናቸው። የሥራ ኃይሉ 65 ስለሆነ ምጣኔው 10 ሲካፈል ለ65፣ ማለትም 15.4 በመቶ ነው። አሁን ከአሥሩ አራቱ መፈለግ ሰለቻቸውና ተዉት። ሥራ አጦቹ 6 ቀሩ፣ የሥራ ኃይሉ ወደ 61 ወረደ፤ ምጣኔው 9.8 በመቶ ሆነ። በሕንፃው ላይ አንድም ሰው አልተቀጠረም። አራት ሰዎች ተስፋ ስለቆረጡ ብቻ «ሥራ አጥነት ቀነሰ» የሚል ዜና ሊጻፍ ይችላል።

ተስፋ መቁረጥ ደግሞ ሩቅ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ አራት ኪሎ አካባቢ የሥራ ማስታወቂያ የያዘ ጋዜጣ እየተከራዩ የሚያነቡ ወጣቶችን ያየ ሰው ፍለጋው ራሱ ገንዘብ እንደሚበላ ያውቃል። ታክሲ አለ፤ የትምህርት ማስረጃ ፎቶ ኮፒ አለ፤ ከከተማው ዳር ለሚመጣ ሰው ምሳም አለ። ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ወይም አራት ዓመት የሥራ ልምድ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዳንዱ ቤቱ መቀመጥ ይጀምራል፤ ይህን ጊዜ ቤተሰቡ ሰነፈ ይለዋል፣ ጥብቁ የስታቲስቲክስ መለኪያ ደግሞ ጨርሶ ከሒሳቡ ያወጣዋል።

ኢትዮጵያ በየትኛው መስፈርት ትቆጥራለች?

እዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ከተባለው ጥብቅ መለኪያ ይለያል። የዓለም አቀፉ ደንብ፣ ሥራ በማስታወቂያና በቅጥር ቢሮ የማይገኝባቸው አገሮች ሦስተኛውን መስፈርት፣ ፍለጋውን፣ እንዲያላሉት ይፈቅዳል። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በሥራ ኃይል ጥናቶቹ በዚህ ፈቃድ ተጠቅሟል። ሥራ ሳይኖረው ለመሥራት ዝግጁ የሆነ ሰው ፍለጋውን ቢተወውም ሥራ አጥ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። የኮንዶሚኒየሙ አራት ሰዎች በኢትዮጵያ ጥናት ከሒሳቡ አይወጡም ማለት ነው። «መንግሥት ቁጥሩን ለማሳነስ ጠባብ መስፈርት ይጠቀማል» የሚለው ወቀሳ ቢያንስ በዚህ ነጥብ ላይ ትክክል አይደለም።

ሌላው ልዩነት ዕድሜ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት ከ10 ዓመት ጀምሮ ያለውን ሰው ይጠይቃል፤ ዓለም አቀፉ ንጽጽር ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከ15 ዓመት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ጥናቱ ግን ሕግ የሚፈቅደውን ሳይሆን በእርግጥ የሚሆነውን መያዝ አለበት፤ የ10 ዓመት እረኛ አለና።

በመስፈርትና በዕድሜ ልዩነት ምክንያት ስለ አንድ አገር አንድ ዓመት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይታያሉ። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሞዴል እያሰላ የሚያወጣው፣ የዓለም ባንክም የሚያሠራጨው የኢትዮጵያ ግምት ከ8 በመቶው በጣም ያነሰ ነው። ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ስለሆነ አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። በ2013 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥራ ኃይል ጥናት ምጣኔውን 4.5 በመቶ አድርጎታል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥራ ኃይልና የፍልሰት ጥናት ደግሞ 8 በመቶ አለ፤ በከተማ 18.7፣ በገጠር 5.2፤ ከሴቶች 11.7፣ ከወንዶች 5። በእግረ መንገድ አንድ ወጥመድ ላሳይ፦ ሁለተኛው ጥናት በእኛ አቆጣጠር የ2013 ዓ.ም. ነው። «የ2013 የሥራ ኃይል ጥናት» የሚል ጽሑፍ ሲገኝ የትኛውን እንደሚል ማረጋገጥ ይገባል፤ በመካከላቸው ስምንት ዓመትና አንድ ጦርነት አለ። ሁለተኛው ጥናት በጦርነቱ ምክንያት ትግራይን አላካተተም፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «በእጥፍ ጨመረ» ማለት የሚመቸውን ያህል ቀላል አይደለም።

ለምን በገጠር ያንሳል? ገጠሩ ከከተማ ይሻላል?

እውነቱን ለመናገር፣ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈውን ሁሉ ከዚህ ጥያቄ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ሥራ አጥ ለመሆን አቅም ያስፈልጋል። ሥራ እየፈለጉ ወራት ለመቀመጥ የሚያበላ ሰው፣ የሚያሳድር ቤት፣ ወይም መንግሥት የሚከፍለው አበል ያስፈልጋል። ይህ የሌለው ሰው ያገኘውን ይሠራል። ጉልት ላይ ሽንኩርት ይቸረችራል፣ ጫማ ይጠርጋል፣ ሻይ ያፈላል፣ መኪና ይጠብቃል። ገቢው የዕለት ጉርስ ባይሞላም በመዝገቡ ላይ «የሚሠራ» ነው።

ገጠር ላይ ይህ ይበልጥ ይጎላል። አንድ አባወራ ግማሽ ሄክታር መሬት አለው። ሁለቱ ልጆቹ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ሌላ መሬት አይሰጣቸውም፤ እዚያችው ግማሽ ሄክታር ላይ ከአባታቸው ጋር ያርሳሉ። አንድ ሰው ሊጨርሰው የሚችለውን እርሻ ሦስት ሰው ይሠራዋል። ሦስቱም ይቆጠራሉ፣ ሥራ አጥ የለም። ከሦስቱ ሁለቱ ወደ ከተማ ቢሄዱ ምርቱ ብዙም ላይቀንስ ይችላል፤ ኢኮኖሚስቶች ይህን «ስውር ሥራ አጥነት» ይሉታል። ልጁ ደሴ ወይም ባሕር ዳር ገብቶ ሥራ መፈለግ በጀመረ ዕለት ስውሩ ገሃድ ይወጣል፤ የከተማው ቁጥርም በአንድ ሰው ይጨምራል። ልጁ ላይ የደረሰ አዲስ ችግር የለም፤ የተለወጠው የሚቆጠርበት ዓምድ ብቻ ነው።

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ባደረጉት ስብሰባ ይህን ለማስተካከል ሞክረዋል። በአዲሱ ደንብ ለራሱ ፍጆታ ብቻ የሚያርስ ገበሬ «ይሠራል» ይባላል እንጂ «ተቀጥሯል ወይም በገበያ ሥራ ላይ ነው» አይባልም። ደንቡን በሥራ ላይ ያዋለ አገር በሥራ ላይ ያለው ሕዝብ ቁጥር በአንድ ጊዜ ሲያሽቆለቁል ሊያይ ይችላል፤ ሕዝቡ ግን ትናንት ያረሰውን እርሻ ዛሬም እያረሰ ነው።

የደቡብ አፍሪካ ነገርም በዚሁ ይገባናል። እዚያ ምጣኔው የከፋው አገሪቱ ከእኛ ስለደኸየች አይደለም። የአፓርታይድ ሥርዓት ጥቁሮችን ከመሬታቸው አፈናቅሎ፣ ከከተማው መሐል አርቆ አስፍሮ፣ ንግድ እንዳይከፍቱ ከልክሎ ኖሯል፤ የዚያ ጠባሳ አልሻረም። ሥራ ያጣ ሰው ተመልሶ የሚገባበት እርሻም ሆነ ጉልት ጥቂት ነው። ስለዚህ ችግሩ በቀጥታ በሥራ አጥነት ዓምድ ይታያል። የእኛ ደግሞ ጉልቱ ላይና ማሳው ላይ ተበትኖ ተቀምጧል።

ሥራ አጥነት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም፤ መድኃኒቱም አንድ አይደለም። አንድ ሥራ ለቆ ሌላ እስኪያገኝ ያለው ጊዜ በጤናማ ኢኮኖሚም ይኖራል፤ ዜሮ የሆነ ምጣኔ የትም የማይገኘው ለዚህ ነው። እንደ ሰሊጥና ቡና ለቀማ ያለ ሥራ ወቅት ጠብቆ ሰው ይጠራል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ይበትናል። አገር በሙሉ ገበያ ሲቀዘቅዝ የሚመጣው ደግሞ የኮቪድ ጊዜ ያየነው ዓይነት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው መዋቅራዊ የሚባለው ነው፤ ሥራው አንድ ነገር ይፈልጋል፣ ሠራተኛው ሌላ ነገር ይዟል። ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ የሚያስመርቁት ሰውና ቀጣሪው የሚፈልገው ሙያ ሲተላለፉ የሚፈጠረው ይህ ነው። ገበያው ቢሞቅም በራሱ አይለቅም።

የውጭ ውሳኔ የሚያመጣውም አለ። አሜሪካ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን አጎአ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ስታስወጣ፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ሥራቸው ተነካ። ሙያ አልጎደላቸውም፣ ፍላጎትም አልጎደላቸውም። የተበላሸው እነሱ ባልነበሩበት ስብሰባ ነው።

«ለዚህን ያህል ሰው የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚለው ሪፖርትስ?

በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች በየጊዜው የሚያወጡት ቁጥር ከምጣኔው ጋር ሲደባለቅ ይታያል። ሁለቱ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። በርሜል ያስቡ። ሪፖርቱ በቧንቧ የገባውን ውኃ ይነግረናል፤ ምጣኔው በርሜሉ ውስጥ ያለውን። ከሥር በቀዳዳ የወጣውን፣ ማለትም የተዘጋውን ድርጅት፣ የተበተነውን ማኅበር፣ ያለቀውን ግንባታ ሪፖርቱ አይነግረንም። በዚያ ላይ ወደ ሥራ ገበያ የሚገባው ወጣት በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ መንግሥት ራሱ ይናገራል። ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠር የሥራ ዕድል ተፈጥሮም ምጣኔው ላይወርድ ይችላል። ሪፖርት ሲነበብ ከጠቅላላው ስንቱ ቋሚ፣ ስንቱ ጊዜያዊ እንደሆነ ማየት ይጠቅማል፤ የሦስት ወር የመንገድ ሥራና ቋሚ ቅጥር በአንድ ድምር ውስጥ አብረው ይገባሉ።

በወረዳ ሥራ ፈላጊ ተብሎ መመዝገብም ሌላ ነገር ነው። መዝገቡ ብድር፣ መሸጫ ቦታ ወይም ሥልጠና የሚፈልገውን ሰው ይይዛል። ይጠቅመኛል ያላለ አይመዘገብም፤ ሥራ ይዞም የተመዘገበ አይጠፋም።

አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችን «አንኢምፕሎይመንት» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን። «አንኢምፕሎይመንት ገባልኝ» የሚል ሰው የሚናገረው አሠሪዎች ከሚከፍሉት ግብር ተጠራቅሞ፣ ያለ ጥፋቱ ከሥራ ለተሰናበተ ሰው በየሳምንቱ ስለሚከፈል የመድን አበል ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚቆየው እስከ 26 ሳምንት ነው። በራሱ ፈቃድ ሥራ የለቀቀ በአብዛኛው አያገኝም፤ እንደ ግል ተቋራጭ የሚቆጠር የኡበር ሾፌርም በተለመደው ጊዜ አያገኝም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮቪድ ሕግ ለእነዚህም በሩን ለጊዜው ከፍቶ፣ በዚያ ላይ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ድረስ በሳምንት 600 ዶላር ስለጨመረ በብዙ ሐበሻ ሾፌሮች ዘንድ ቃሉ የገንዘብ ስም ሆኖ ቀረ።

የአሜሪካ የሥራ አጥነት ምጣኔ ግን በአበል ተቀባዩ ቁጥር አይሰላም። በየወሩ 60,000 ያህል ቤተሰብ ይጠየቃል፤ ጥያቄው አበል ታገኛለህ ወይ ሳይሆን ሠርተሃል ወይ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ፈልገሃል ወይ ነው። አበሉ አልቆበት የሚፈልግ ሰው ሥራ አጥ ነው፤ ትናንት ተመርቆ የሚፈልግም እንዲሁ። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. ምጣኔው 14.8 በመቶ ሲደርስ የተቆጠረው በዚህ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ የሥራ አጥነት መድን የለም። ያለው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው፤ ሕጉ የዘረዘራቸው ሁኔታዎች ሲሟሉ አሠሪው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ፣ በጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ ይከፍላል። የሚሰጠውም ውል ይዞ ለሠራ ሰው ነው። የጉልት ነጋዴዋና የቀን ሠራተኛው ከዚህ ውጭ ናቸው። ሥራ እየፈለጉ መቀመጥ አቅም ይጠይቃል ያልኩት እዚህ ላይ ነው ሥሩ።

በዓረብ አገሮች ምጣኔው ለምን ከዜሮ ብዙም አይርቅም?

የኳታር ምጣኔ ከዓለም ዝቅተኞቹ አንዱ ነው፤ 0.1 በመቶ አካባቢ። ነዋሪው በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ሠራተኛ ነው። በካፋላ ሥርዓት ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ሥራ ያጣ የውጭ ሰው እዚያው ሆኖ ሲፈልግ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው። ወይ ሌላ አሠሪ ያገኛል፣ ወይ ወደ አገሩ ይመለሳል፣ ወይ ያለ ሰነድ ይደበቃል፤ የተደበቀ ሰው ደግሞ ለመረጃ ሰብሳቢ በር አይከፍትም። ሳዑዲ ዓረቢያ የዜጎቿንና የጠቅላላ ነዋሪውን ምጣኔ ለየብቻ የምታወጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥራ ቢያጡም ከአገር የማይወጡት ዜጎች ምጣኔ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል።

ውሏ ተቋርጦ ከሪያድ ወይም ከዶሃ ወደ ቦሌ የምትመለስ የቤት ሠራተኛ እዚያ ሥራ አጥ ሆና ሳትመዘገብ ነው የምትመጣው። ምጣኔው ውስጥ የምትገባው፣ ጠያቂው የወላጆቿን ቤት ባንኳኳበት ሳምንት ሥራ ከሌላትና ለመሥራት ዝግጁ ከሆነች፣ ኢትዮጵያ ላይ ነው። የ2013 ዓ.ም. ጥናት ከሥራ ጋር ፍልሰትን አብሮ የጠየቀው በከፊል እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት ነው።